ደመናው ሲያምር

ጠዋት ቁርስ ላይ አባባ የጠረጴዛውን መሐል በክንዱ ጠረገና በግራ በኩል ደብዳቤውን፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ጤዛው ገና ያልደረቀ አንድ ጥቅል ጎመን አስቀመጠ። ደብዳቤው ቁጥር አርባ አንድ የሆነው የወንዝ ዳር የአትክልት ቦታ በዘንድሮው ወቅት ሳይለማ ጦም ማደሩ በሳተላይት ምስል ስለተረጋገጠ ነገ ለተረኛ ይተላለፋል ይላል። ጎመኑ ከዚያው ከአርባ አንድ ቁጥር በማለዳ የተቆረጠ ነው። አባባ አንዴ ደብዳቤውን፣ አንዴ ጎመኑን በጣቱ እየነካ «ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል፤ ጎመን ሲዋሽ ደግሞ ገጥሞኝ አያውቅም» አለ። ወንድሜ ዳቦውን እያኘከ ግድግዳውን ያያል፤ እሱ ቤት ውስጥ ነገር ሲነሳ ማኘክ ይበዛበታል። ሚስቱ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ደብዳቤውን አነሳችው። አላነበበችውም። ከታች በኩል በደቃቁ የተጻፈውን የካርታ ቁጥር ብቻ አየችና ጠርዙን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክላ መለሰችው። አባባ ካርታውን የሠራው ሰው ዐይን እንደሌለው፣ ካለውም ለሌላ ጉዳይ እንደሚጠቀምበት፣ እሱ በግንበኝነት ዘመኑ እንዲህ ያለውን ሰው ሲሚንቶ እንኳ እንደማያስበጠብጥ ተናገረ። እትዬ ሻይዋን እስኪያልቅ ጠጣችና ሲኒዋን ይዛ ወደ ማጠቢያው ሄደች።

አባቴ አርባ ዓመት ግንብ ገንብቷል። ጡረታ ሲወጣ ከተማው ለጡረተኞች ከሚያድለው የወንዝ ዳር መሬት ወርዱ አሥራ ሁለት፣ ቁመቱ ሃያ ሜትር የሆነች ቁራጭ ደረሰችው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ትንፋሽ የሚያገኝባት ቦታ እሷ ብቻ ናት። ጠዋት ይሄዳል፣ ለምሳ ይመለሳል፣ ከሰዓት ደግሞ ይሄዳል። ማንንም አያስጠጋም፤ ላግዝህ ያልኩት ቀን «አንተ መሪ እንጂ መኮትኮቻ አትይዝም፣ ትረግጥብኛለህ» ብሎ መልሶኛል። ይህችን ቦታ መውሰድ ማለት ሰውየውን ሙሉ ቀን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ማለት ነው፤ አባቴ ቤት ውስጥ ሲውል ደግሞ የበር መታጠፊያ፣ የቧንቧ ጠብታ፣ የሰው አቀማመጥ ሳይቀር እየተመረመረ ሁላችንም አብረን እንታሰራለን። እኔ በዚያ ሰሞን ታክሲዬ ፍሪሲዮኑ ተበልቶ ጋራዥ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ስለዚህ አቤቱታ እንዳስገባ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። አባባ ወደ ማጠቢያው ዞር ብሎ፣ አንቺም እዚያው መሥሪያ ቤት ነሽ አይደል፣ ማን ጋ ነው የሚገባው፣ ብሎ ጠየቃት። «ከእኔ ጋር ይምጣ» አለች፣ ፊቷን ሳትመልስ።

አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ አንድ ነገር አለ። እትዬ ወደ ቤታችን ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው፤ በእነዚህ ስድስት ዓመታት ምን እንደምትሠራ የጠየቃት ሰው የለም። መሬትና ፕላን ቢሮ፣ ኮምፒውተር ላይ፤ የምናውቀው ይህን ያህል ነው። እኔ በበኩሌ ፎቶ ኮፒ የምታነሳ ይመስለኝ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ቆመን፣ እሷ አንድ እጇን ብረቱ ላይ ሰቅላ፣ እኔ ሹፌሩ ማርሽ ሲያስገባ እየተሳቀቅሁ፣ ሦስት ፌርማታ ሄድን። አራተኛው ላይ ካርታውን የሠራችው እሷ መሆኗን ነገረችኝ። ሳቅሁ። አልሳቀችም። እኔም ሳቄን ወደ ሳል ለወጥኩት።

መሥሪያ ቤቱ ደረጃው የተሸረፈ፣ ኮሪደሩ የአቧራና የወረቀት ሽታ ያለው ባለ አራት ፎቅ ነው። ምድር ቤት የአቤቱታ መስኮት ፊት ሃያ ያህል ሰው ተሰልፏል፤ ግማሹ ለማስረጃ አትክልት ይዞ መጥቷል። አንዷ ሴትዮ ሽንኩርት ከነአፈሩ በፌስታል አንጠልጥላለች። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል «ካርታ አይሳሳትም፣ አቤቱታ ካለዎት ቅጽ ሞልተው በሠላሳ ቀን ይምጡ» ይላል፣ ለሁሉም በአንድ ድምፅ። ቦታው የሚታደለው ነገ ነው፤ ይኸ ሰው በሠላሳ ቀን ይላል። ልናገረው ስል እትዬ እጅጌዬን ይዛ ወደ ደረጃው ወሰደችኝ። ሽንኩርት የያዘችውን ሴትዮ አልፈን ስንሄድ እትዬ ቆም ብላ የቦታዋን ቁጥር ጠየቀቻት። አርባ ሁለት አለች። የአባባ ጎረቤት ናት ማለት ነው።

የእትዬ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንዱ እግሩ ስላጠረ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ተደርጎለታል፤ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንገቱ የተሰበረ ቬንትሌተር፣ ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያይ መስኮት። ለእኔ ወንበር ሰጠችኝና ምስሉን ከፈተችው። ከተማው ከላይ ሆኖ ታየኝ። ታክሲ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ መንገዱን ሁሉ ከሥር እንጂ ከላይ አይቼው አላውቅም፣ የራሴን ሰፈር ለማግኘት ደቂቃ ፈጀብኝ። እሷ ግን በቀጥታ ወደ ወንዙ ወረደችና ዳር ላይ ያለችውን የውሃ መሳቢያ ቤት ጣሪያ አጉልታ አየችው። ጣሪያው በአንድ ጎኑ ቀጭን ቀይ፣ በሌላ ጎኑ ቀጭን ሰማያዊ ጥለት ነበረው። ጥሩ ነገር መስሎኝ ያምራል አልኳት። ምስሉን ወደ ላይ ገፋችው። ከወንዙ ማዶ ሦስት ትንንሽ ደመናዎች ነበሩ፤ ጥጥ የመሰሉ፣ ጠርዛቸው ንጹሕ። እትዬ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳችና ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

«ደመናው ነጭ ነው» አለች። ሰው የሞተባት ነው የሚመስለው አነጋገሯ።

ደመና ምን ሊሆን ነበር፣ አልኳት። ያን ጊዜ ነው በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዋን የነገረችኝ። ሳተላይቱ አንድ ፎቶ አያነሳም። ቀዩን ለብቻ፣ አረንጓዴውን ለብቻ፣ ሰማያዊውን ለብቻ ያነሳል፤ አራተኛው ደግሞ ዐይናችን የማያየው ብርሃን ነው፣ በእሱ ሲታይ ሕይወት ያለው ቅጠል ቦግ ብሎ ይበራል፣ ውሃ ይጠቁራል። አራቱ የሚነሱት በአንድ ቅጽበት አይደለም፤ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቀዳደማሉ፣ ሳተላይቱ ደግሞ እየበረረ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ በአራቱም ላይ የሚመሳሰሉ ነጥቦችን ይፈልግና አንዱን በአንዱ ላይ ልክ እስኪገጥም ያንቀሳቅሳቸዋል። «ከመኪና መስኮት ስታይ» አለችኝ፣ «አጠገብህ ያለው ምሰሶ ይሮጣል፣ የሩቁ ተራራ ቁጭ ይላል አይደል?» ይህን እንኳ ማንም ከእኔ በላይ አያውቅም። ደመናም ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ለሳተላይቱ እንደ ምሰሶው ነው፤ መሬቱ ከገጠመ ደመናው አይገጥምም፣ ጠርዙ ላይ ቀይና ሰማያዊ ይወጣበታል። የሥራው ሰው ደመናው ሲዝረከረክ ደስ ይለዋል። እዚህ ግን ደመናው አምሯል። ፕሮግራሙ አራቱን ምስሎች ያገጣጠመው በደመናው ጠርዝ ነው ማለት ነው፤ መሬቱ ተንሸራቷል። ምስሉ በተሠራባቸው ደቃቅ ነጥቦች ሲለካ ሦስት ነጥብ፣ መሬት ላይ ወደ አሥር ሜትር። በዚህ የተነሳ የአራተኛው ምስል ወንዝ ቀዩ ምስል ላይ ባለው ጎመን ላይ ተኛበት። ከወንዙ ጋር የተጠጋው ቦታ በሙሉ ቅጠል የሌለው ሆኖ ተቆጠረ።

ከዚያ የሥራውን መዝገብ ገጽ ከፈተች። እያንዳንዱ ምስል በየትኛው ቀን፣ በማን፣ በምን ሴቲንግ እንደተሠራ ይጽፋል። ሐሙስ፣ የእሷ ስም፣ «ደመናን ዝለል» የሚለው ሳጥን ምልክቱ ተነሥቷል። ወዲያው ትዝ አላት። ያን ቀን ፕሮግራሙ አምስት ጊዜ ነጥብ አልበቃኝም ብሎ አቋርጦባት ነበር፤ ኃላፊዋ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ አለቀ ወይ ይላል። ምልክቱን ስታነሳው ፕሮግራሙ ደመናው ላይ እልፍ ነጥብ አገኘና ዘጠና ስምንት በመቶ ገጥሟል ብሎ ደስታውን ገለጸ። እሷም አመነችው። ማንም ያምነው ነበር፤ እንኳን እሷ፣ እኔ ነዳጅ መለኪያዬ ዋሽቶኝ ስንት ቀን መንገድ ላይ ቀርቻለሁ። ይህንኑ ነገርኳት። አላጽናናትም።

እኔ እንግዲህ ሰው ነኝ፣ የመጣሁት ለአባቴ ጉዳይ ነው። ነገሩ የእሷ ከሆነ ቀላል ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ የእኛን ቶሎ አስተካክዪና ወደ ቤታችን እንሂድ አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። እትዬ እንደ ሕፃን አየችኝ። «ምስሉ አንድ ነው» አለች፤ «የአንድ ሰው ጎመን ለብቻው አይንቀሳቀስም።» ቀጥላም ደብዳቤ የደረሳቸው ሰባ ሦስት ሰዎች መሆናቸውን፣ ዝርዝሩ ለዕደላው ኮሚቴ የሚሄደው ዛሬ በአሥር ሰዓት መሆኑን ነገረችኝ። በግድግዳው ሰዓት ሦስት ተኩል ሆኗል።

ኃላፊዋን ሠራተኛው «አቶ በኋላ» ነው የሚለው፤ ሰውየው ለሚቀርብለት ነገር ሁሉ እሺ በኋላ ስለሚል ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ቢሮው በር ላይ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። እትዬ የሆነውን ምንም ሳትቀንስ ነገረችው። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። በመጨረሻ ያቀረበው ሐሳብ እውነቱን ለመናገር ከእኔው ሐሳብ በተሻለ ተከሽኖ ከመቅረቡ በቀር ልዩነት የለውም፦ የአማቷን ቦታ በመስክ ማረጋገጫ ቅጽ ዛሬውኑ ከዝርዝሩ ማውጣት፤ ሌሎቹ የይግባኝ መብት አላቸው፣ እዚያው ይከራከሩ፤ ምስሉን በጠቅላላ ማንሳት ከሆነ ግን የሠራው ሰው ስህተቱ የእኔ ነው ብሎ በጽሑፍ ማቅረብ አለበት፤ የክፍል አስተባባሪነቱ ዕድገት ደግሞ በዚህ ሳምንት እንደሚወሰን ታውቃለች። «እስቲ አስቢበት፣ በኋላ እናወራለን» አለ። እትዬ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ነጭ ወረቀት ሳበች፣ ቆማ አራት መስመር ጻፈች፣ ፈረመች፣ ፊቱ አስቀመጠችው። ለዕድገቱ ሁለት ዓመት እንደጠበቀች እኔ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ወንድሜም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማየት ሰው ትኬት ቢቆርጥ አይከስርም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከመካኒክ ጋር ኖሬያለሁ፤ ጎበዝ መካኒክ ድምፅ ሰምቶ በሽታውን ሲያውቅ አይቻለሁ። እንደ እሷ ያለ ግን አላጋጠመኝም። መጀመሪያ ደመናን ዝለል የሚለውን መለሰችው። ሌሎቹ ሁሉ የሚገጥሙበትን መነሻ ከአራተኛው ወደ ቀዩ ቀየረችው፤ ምክንያቱን ስጠይቃት በቀዩ ላይ የመንገድና የጣሪያ ጠርዝ ይበልጥ ይጠራል አለችኝ። ፕሮግራሙ ነጥብ የሚፈልግበትን ክልል ሰፊ ስታደርገው ተመሳሳይ ጣሪያዎችን እያምታታ የአንዱን ሰው ቤት በጎረቤቱ ላይ ይጭናል፤ ስታጠበው አያገኝም። አጠበበችው። አሥራ አንድ ነጥብ ብቻ አገኘና አቋረጠ። ስለዚህ በእጇ ጀመረች። የድልድዩን ሁለት ጫፍ፣ የውሃ መሳቢያውን ቤት ማእዘን፣ የትምህርት ቤቱን የውሃ ጋን፣ ሁለት መንገድ የሚቋረጥበትን ቦታ፤ አንዱን ነጥብ በአራቱም ምስሎች ላይ ፈልጋ ምልክት ታደርጋለች፣ አራት ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ። ወደ ምሳ ሰዓት ላይ መንገዱን እኔም እየጠቆምኳት ነበር። አዲሱ አደባባይ በምስሉ ላይ ገና ቁፋሮ መሆኑን፣ ጠርዙ እንደማይታመን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ራሷን ነቅንቃ ነጥቡን ሰረዘችው። ኩራት ተሰማኝ፣ አልዋሽም።

ምሳ አልወጣችም። ወርጄ ከመንገድ ዳር ሻይና ሁለት ዳቦ ገዛሁ፤ ዳቦው እንደገና ጨምሯል፣ መጠኑ ደግሞ በዚያው ልክ አንሷል። እሷ ግማሹን በልታ ግማሹን ረሳችው። የቀረው ስህተት መጀመሪያ ሁለት ነጥብ ሆነ፤ ከዚያ ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ዜሮ ነጥብ ሰባት ወረደ። ለእኔ በቂ ነበር። እሷ ከመሐል አንዱ ነጥብ ያጣምመኛል ብላ በእጇ ያደረገቻቸውን ሠላሳ ነጥቦች አንድ በአንድ እያጠፋች መለሰች፤ ጥፋተኛው የውሃ ጋኑ ሆኖ ተገኘ፣ ቁመት ስላለው እንደ ደመናው ይሸሻል። እሱን አውጥታ ስታስኬደው ቁጥሩ ዜሮ ነጥብ ሦስት አለ። ምስሉ ሲከፈት የመሳቢያው ቤት ጣሪያ ጠርዙ ንጹሕ ሆነ፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሦስቱ ደመናዎች ደግሞ ዙሪያቸውን ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ተዝረክርከው ብቅ አሉ። እትዬ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እኔ በዚያች ደቂቃ ይህችን ሴት ስድስት ዓመት ሙሉ ጨው አቀብዪኝ ከማለት ውጪ ያላናገርኩበት ምክንያት ምን እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ አዲሱ ዝርዝር ወጣ። ከሰባ ሦስቱ ስልሳ ስምንቱ ለምተዋል። አርባ ሁለት ቁጥር፣ የባለ ሽንኩርቷ፣ ጥግ እስከ ጥግ አረንጓዴ ነው። የቀሩት አምስት ብቻ ናቸው፤ አሥራ ሰባት፣ ሠላሳ፣ አርባ አንድ፣ ሃምሳ ስድስት፣ ሰባ። አርባ አንድ። ግማሽና ከዚያ በላይ ጦም ያደረ ቦታ ይወሰዳል ይላል ደንቡ፤ የአባባ ሃምሳ ስምንት በመቶ ባዶ ነው። እትዬ አጉልታ አየችው። በመንገዱ በኩል ያለው ጎን ቦግ ብሏል፤ በወንዙ በኩል ያለው ጠቁሯል። ሌሎቹ ቦታዎች ላይ መጠቆሩ ጠፍቷል፣ እዚህ አልጠፋም። እንደገና አስኬደችው። ያው ነው። አባባ ጠዋት ጎመን ይዞ መጥቷል እኮ አልኳት። ጎመኑ በመንገዱ በኩል ካለው ነው አለችኝ፣ በቀስታ።

ከዚያ እኔ፣ በስክሪኑ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ቀኑን ሙሉ ሳያት ስለዋልኩ፣ በጣቴ ጠቆምኳት። ቅጠል አለ ወይም የለም የሚባልበት ወሰን ነው፤ ዜሮ ነጥብ ሦስት ይላል። ዝቅ ብትዪውስ አልኳት። ዝቅ አድርጋ አሳየችኝ፤ ዜሮ ነጥብ ሁለት ስምንት ላይ የአባባ ባዶ አርባ ዘጠኝ በመቶ ይሆናል። አርባ አንድ ቁጥር ከዝርዝሩ ወጣ። በቃ፣ ሁለት ነጥብ ነው፣ ማንም አያውቅም፣ ዛሬ ሰባ ያህል ሰው ያወጣች ሴት ለአባቷ ሁለት ነጥብ ብትሰጥ ማን ይፈርድባታል፣ አልኳት። ይህን ያልኩት ከልቤ ነው፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተጸጸትኩም። እትዬ ሳጥኗን ረጅም ጊዜ አየቻት። ዐይኗ እንባ አቅርሯል፤ ሰውየውን ትወደዋለች፣ እሱ ባያውቀውም።

«ሐሙስ ሳላውቅ ነው የተሳሳትኩት» አለች። «ይኼ ግን ዐውቄ ነው የሚሆነው።»

ቁጥሩን ወደ ዜሮ ነጥብ ሦስት መለሰችውና አተመችው። አቶ በኋላ ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ አርባ አንድ ላይ ቆመ። ይኼ የአማትሽ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቃት። ነው አለችው። ቀና ብሎ አያት፣ እኔንም አየኝ፣ ከዚያ በዚያው ደቂቃ፣ በኋላ ሳይል፣ ፈረመ። ምድር ቤት መስኮቱ ላይ ወረቀት ሲለጠፍ ሴትዮዋ ሽንኩርቷን ይዛ እየተጋፋች ስታነብ አየናት። ያ የመስኮት ሰውዬ ካርታው ታርሟል ይላል፣ ጠዋት በተናገረበት ድምፅ።

ከአውቶቡሱ ወንዙ ጋ ወረድን፤ እንውረድ ያለችው እሷ ናት። አርባ አንድ ቁጥር በመንገዱ በኩል በገመድ የተለኩ አራት የጎመን መደቦች አሉት፣ እንደ ግንብ የተደረደሩ። ከእነሱ ወዲያ የተሰነጠቀ ጓል ነው፤ አንድም የመኮትኮቻ ምልክት የለበትም። መሐሉ ላይ አንድ ባልዲ ተደፍቶ ከላዩ የታጠፈ ጆንያ ተነጥፎበታል፤ ዙሪያው በጫማ ተረግጦ ጠንክሯል። አባባ ጠዋትና ከሰዓት የሚውለው እዚያ ላይ ተቀምጦ ነው። ባለ ሽንኩርቷ ተከትላን ደርሳ ኖሮ ሳንጠይቃት ነገረችን፤ ከአራት ወር ወዲህ ጎንበስ ማለት አይችልም፣ የሚችለውን ያህል ፊት ለፊቱን ይሠራል፣ ለልጆቼ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኛል አለች። እኔ የማየው ቦታ አጣሁ። ትረግጥብኛለህ ያለኝ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቤት ስንገባ ገና አልመሸም፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ግን ደክሟል። አባባ ወንበሩ ላይ ነው፣ ወንድሜ ከሥራ ገብቶ ሳህን ይደረድራል። አባባ ወደ እኔ ዞሮ እህ አለ። እኔ አፌን ስከፍት እትዬ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አባባ፣ የጠዋቱ ደብዳቤ ስህተት ነው። ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ስህተቱም የእኔ ነው። በሰባ ሦስት ሰው ላይ ነበር፣ ዛሬ አርሜዋለሁ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ነገ ሌላ ደብዳቤ ይመጣልዎታል። እሱንም የሠራሁት እኔ ነኝ። እሱ ግን ስህተት የለበትም።»

ወንድሜ ሳህኑን እንደያዘ ቀረ። አባባ ጠዋት ስለ ካርታው ሠሪ ያለውን ሁሉ እያስታወሰ መሆኑ ከፊቱ ይታያል፤ ጆሮው ጫፍ ድረስ ቀላ። ስንቱን እንዳወጣች ጠየቃት። ስልሳ ስምንቱን አለችው። አርባ ሁለትስ አለ፤ ወጥታለች አለችው። ራሱን ነቀነቀ፣ ለሴትዮዋ ደስ እንዳለው ያስታውቃል። ከዚያ «እኔን ማውጣት አቃተሽ ወይስ አልፈለግሽም?» አላት።

«እችል ነበር» አለች።

ጠረጴዛው ሥር ብገባ ደስ ይለኝ ነበር። በዚያ ቤት እንዲህ ተብሎ አያውቅም፤ እኛ የምንነጋገረው ስለ ዳቦና ስለ ቧንቧ ነው። አባባ አልተቆጣም። እጆቹን፣ እነዚያን የተሰነጣጠቁ የግንበኛ እጆች፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። እትዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በሕመም ምክንያት ያላለማ ሰው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቢያመለክት የነገው ዕደላ ተሽሮ ቦታው በቤተሰቡ ስም እንዲለማ እንደሚፈቀድለት፣ ማመልከቻውን እሷ እንደምትጽፍ፣ ግን ያልታመመን ሰው ታሟል ብላ እንደማትጽፍ ነገረችው።

ከዚያ አባቴ ጎንበስ ለማለት ሞከረና አልሆነለትም፤ ቀኝ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ፊት ዘረጋ። የሱሪውን እግር ቀስ እያለ፣ በየእጥፋቱ እያረፈ፣ ወደ ላይ ጠቀለለው። ጉልበቱ አብጦ ቆዳው ያብለጨልጫል፤ በአሮጌ የሸሚዝ ቅዳጅ በራሱ እጅ ጠፍሮታል። አራት ወር ሙሉ አብረን በልተን፣ እኔም ሆንኩ ወንድሜ አላየነውም። ቅዳጁን ፈታና ወደ እኛ ሳይሆን ወደ እሷ ቀና አለ።

«እንግዲህ ይህንንም እዪልኝ» አላት።

እትዬ ወንበሯን ጎትታ ተጠጋችና መብራቱን እንዳበራላት በእጇ ምልክት ሰጠችኝ።